ሄልሜቱ ለማን ነው የሚደረገው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሥራ ላይ ደህንነት

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከግንባታ ሳይት፣ ከልብስ ፋብሪካ፣ ከብረታ ብረት ቤትና ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ይሁኑ እንጂ ቅሬታቸው ይመሳሰላል፦ ዕቃው ተገዝቷል፣ ትምህርቱ ተሰጥቷል፣ ሠራተኛው ግን ነገሩን የራሱ ጉዳይ አላደረገውም። መልሶቹን የጻፉት በሙያው የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ ግንባታ ላይ የሴፍቲ ባለሙያ ነኝ። ጠዋት ጠዋት መቶ የሚደርሱ ሠራተኞችን ሰብስቤ ለሃያ ደቂቃ አስተምራለሁ። ሄልሜትና ሴፍቲ ቤልት ታድሏል። ስመጣ ያደርጋሉ፣ ዞር ስል ያወልቃሉ። ቤልቱን የለበሱትም መንጠቆውን የትም ሳያስሩ ይውላሉ። ቅጣት ሞከርን፤ ተጣላን እንጂ የተለወጠ ነገር የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከቤልቱ እንጀምር። ሠራተኛውን «ለምን አላሰርክም?» ከማለትዎ በፊት እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመው «እዚህ ብትሆን የት ታስረዋለህ?» ብለው ይጠይቁት። በብዙ ሳይት መልሱ «የትም» ነው። በዙሪያው ያለው በሽቦ የታሰረ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፣ ትናንት የተገነባ ብሎኬት፣ ወይም ወደ ላይ የቆመ ፌሮ ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን የማሰሪያ ነጥብ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ2 ቶን በላይ ጉተታ መቻል አለበት። ባሕር ዛፉ ይህን አይችልም። ሠራተኛው ቁጥሩን ባያውቀውም እንጨቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ስለዚህ «እሰር» የሚለው ትእዛዝ ለእሱ ለታይታ የሚደረግ ነገር ነው።

ሌላም ስሌት አለ። የተለመደው የቤልት ገመድ 1.8 ሜትር ይረዝማል። ሰው ሲወድቅ ንጥቂያውን የሚያበርደው ተተርታሪ ክፍል ሲዘረጋ 1 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ከጀርባው ቀለበት እስከ እግሩ 1.5 ሜትር፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ 1 ሜትር ይታሰባል። ሲደመር ከታሰረበት ነጥብ በታች ከ5 ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል ማለት ነው። መንጠቆውን እግሩ ሥር አስሮ አንደኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ሰው፣ ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ፣ ገመዱ ሳይወጠር እግሩ መሬት ይነካል። ይህን በሜትር ለክተው፣ ገመዱን ዘርግተው ለቡድኑ ያሳዩ። ከሃያ ደቂቃ ንግግር ይልቅ ይህ አምስት ደቂቃ ያሳምናል። ማሰሪያው ከራስ በላይ መሆን ያለበት፣ ገመዱም ማጠር ያለበት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ራሳቸው ይነግሩዎታል።

ከሁሉ በፊት ግን ጠርዙን ይከልሉ። በሶሌታው (በፎቁ የኮንክሪት ወለል) ዳር ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ አንድ አግዳሚ፣ መሃል ላይ ሌላ አግዳሚ፣ ከሥር ደግሞ ዕቃ ተንከባሎ እንዳይወድቅ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ። የሊፍት ጉድጓድና የደረጃ ክፍተትም እንዲሁ። ክፍተት የሚሸፍን ጣውላ በምስማር ይመታ፤ ዝም ብሎ የተጋደመ ጣውላ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ነው የሚገባበት። መከለያ የማንንም ፈቃደኝነት አይጠይቅም። ሃያ ሰው ቀኑን ሙሉ ከመለመን ለአናጢ ቡድን የግማሽ ቀን ሥራ ማዘዝ ይቀላል።

ወደ ሄልሜቱ ስንመጣ፣ ለምን እንደሚወልቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ዞረው ቢጠይቁ የሚሰሙት ይኸው ነው፦ ያልባል፤ ስጎነበስ ይወድቃል፤ ትናንት ሌላ ሰው ያደረገው ነው፤ ይሸታል። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም መፍትሔ አለው። የአገጭ ማሰሪያ ያለው ይግዙ፤ የውስጡን ማሰሪያ በራስ ልክ ማጥበብና ማላላት እንደሚቻል ያሳዩ፤ በቀለም ስም ይጻፉበትና የግል ይሁን። ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ሁለት ዓይነት ናሙና አምጥተው ለአንድ ሳምንት ያስሞክሩ፣ የሚገዛውን እነሱ ይምረጡ። ከሥር ጠርዙ ላይ የተመረተበት ወርና ዓመት ታትሟል፤ ያረጀውን ያስወግዱ። (ምስማር መያዣ፣ አንዳንዴም መቀመጫ ሲሆን የምናየው ሄልሜት ብዙውን ጊዜ የማንም ያልሆነው ነው።)

የጠዋቱን ስብሰባ አሁኑኑ ይበትኑት። መቶ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለው አይሰማም፣ የሚሰማውም ስለ እሱ ሥራ አይደለም። ፌራዮው (ፌሮ የሚያስረው) ከፌራዮ፣ አናጢው ከአናጢ፣ ግንበኛው ከግንበኛ ጋር ይሁን፤ ከ10 እስከ 15 ሰው፣ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ የዕለቱ ሥራ በሚሠራበት ቦታ ላይ። የሚመራው ካቦው ይሁን እንጂ እርስዎ አይሁኑ። እርስዎ ካቦዎቹን ከአንድ ቀን በፊት ማታ ያዘጋጃሉ። አራት ነገር ይበቃል፦ ዛሬ ምን እንሠራለን፣ ከትናንት ወዲህ ምን ተለውጧል (የተነሳ መሰላል፣ የተከፈተ ጉድጓድ፣ አዲስ የተዘረጋ የመብራት ገመድ)፣ የት ላይ ልንጎዳ እንችላለን፣ ትናንት ለጠየቃችሁት መልሱ ይኸውና። ይህ አራተኛው እንዳይዘለል። ካቦው ረቡዕ ዕለት «የሚክሰሩ ገመድ ተልጧል» የተባለውን ሐሙስ ጠዋት «ተቀይሯል፣ ሄዳችሁ እዩት» ካለ፣ አርብ ሌላ ሦስት ሰው ይናገራል። ምንም ሳይል ካለፈ ግን ከዚያ በኋላ የሚናገር አያገኝም።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ «ገብቶናል!» ይባልና ሁሉም ይበተናል። በተለይ ከወላይታ፣ ከጋሞ ወይም ከገጠር ኦሮሚያ የመጣና አማርኛው ገና ያልጠነከረ ልጅ አልገባኝም ማለት ያፍራል። ይልቁንስ «እስቲ አንተ መንጠቆውን አስረህ አሳየን» ይበሉ። ሲያሳይ የጎደለው ይታያል። ከየቋንቋው አንድ የሚያስረዳ የሥራ ባልደረባ ይመድቡ፤ ጎበዝ ተናጋሪ መሆን የለበትም፣ የሚታመን ይሁን።

አዲስ የቀን ሠራተኛ በር ላይ 15 ደቂቃ ይቆይ። ሦስት ነገር ብቻ ይነገረው፦ የት መግባት እንደማይቻል፣ አንድ ነገር ካየ ለማን እንደሚናገር፣ ቢጎዳ ወዴት እንደሚሄድ። የመጀመሪያውን ሳምንት ከነባር ሰው ጋር ተጣምሮ ይሥራ።

ቅጣቱን በተመለከተ፦ ጥቂት የማይታለፉ መስመሮች ይኑሩ፣ ለምሳሌ መከለያ ማንሳት። ግን ለሁሉም እኩል ይሁን። ሥራ አስኪያጁ ባለቤቱን ይዞ ያለ ሄልሜት ሶሌታ ላይ ከወጣ የዚያን ቀን ማንንም መቅጣት አይችሉም፤ ቢቀጡም የሚሰማዎት የለም። ከደመወዝ መቁረጥ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ራሱ ገደብ ያበጀለት ነገር ስለሆነ በሴፍቲ ባለሙያ ትእዛዝ ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በሚገኝ ልብስ ፋብሪካ የመስፊያ ላይን ሱፐርቫይዘር ነኝ። ላይኔ ላይ 32 ኦፕሬተሮች አሉ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የመርፌ መከላከያውን ያነሱታል። መርፌ ጣታቸውን ወግቷቸው እንኳ አይነግሩኝም፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይቀጥላሉ። ቢሮው በር ላይ የጥቆማ ሳጥን አለ፤ ከተሰቀለ ጀምሮ አንድ ወረቀት አልገባበትም።

መልስ፦ በመጀመሪያ መከላከያው ለምን እንደሚነሳ እንይ። ሁለት ምክንያት ነው ያለው፦ ስፌቱን ይጋርዳል፣ ክር ሲበጠስ መልሶ ለማስገባት ያዘገያል። በሰዓት የሚቆጠር ታርጌት ላለባት ልጅ እያንዳንዷ ሰከንድ ገንዘብ ናት። ፋብሪካው በአንድ አፉ «መከላከያውን አታንሺ»፣ በሌላው «ታርጌት ሙዪ» ሲላት የምትሰማው ደመወዟን የሚነካውን ነው፤ ማንም ቢሆን እንዲሁ ያደርጋል።

ስለዚህ ሙከራ ያድርጉ። ሁለት ኦፕሬተሮችን ላይኑ ራሱ ይምረጥ። ለአንድ ሳምንት የሚታጠፍ ወይም የሚያሳይ መከላከያ ባለው ማሽን ይሥሩ፣ ምርታቸው ከመከላከያው ጋርና ያለ መከላከያው ይቆጠር። ልዩነት ከሌለ ሁለቱ ለሌሎቹ ይንገሩ፤ ከእርስዎ ይልቅ እነሱ ይታመናሉ። ልዩነት ካለ ቁጥሩን ይዘው የምርት ኃላፊው ዘንድ ይሂዱና ታርጌቱ ይስተካከል። ታርጌቱ ሳይነካ መከላከያውን ብቻ ማስገደድ የእርስዎን ዞር ማለት መጠበቅ ነው የሚያስከትለው።

ስለ መርፌ መውጋት የማይነገርበትን ምክንያት ለማወቅ እጅዎ ላይ ያለውን መዝገብ ይመልከቱ። ፋብሪካችሁ ለውጭ ገበያ የሚሠራ ከሆነ የተሰበረ መርፌ መዝገብ አላችሁ። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው በሙሉ ተፈልጎ፣ ተገጣጥሞ በፕላስተር ወረቀቱ ላይ ይለጠፋል፤ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ለገዢው ሲባል የሚደረግ ነው፣ ልብሱ ውስጥ ብረት እንዳይቀር። ልጅቷ ግን የምታየው ለመርፌው መዝገብ እንዳለ፣ ለጣቷ እንደሌለ ነው። በዚያው መዝገብ ላይ ሁለት ዓምድ ይጨምሩ፦ «ሰው ተወግቷል ወይ?» እና «መከላከያው ነበር ወይ?» አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ስብሰባ አያስፈልግም። በወር መጨረሻ የትኛው ማሽን፣ የትኛው የስፌት ዓይነት፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚደጋገም ይወጣል። ቆዳ ያለፈ መርፌ ካለ ማሽኑ ይጥፋ፣ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ልጅቷ ወደ ክሊኒክ ትሂድ፤ ስብርባሪ ጣት ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ መታየት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች የእርስዎ ናቸው። የተወጋች ልጅ ስትመጣ «ተጎዳሽ? እስቲ አሳዪኝ» ካሉ ሌሎቹ ይሰማሉ። «ምን ስትሠሪ ነው?» ካሉም ይሰማሉ።

ሳጥኑን ያውርዱት። ቢሮ በር ላይ የተሰቀለ፣ ቁልፉ አስተዳደር እጅ ያለ፣ ማን ወረቀት እንደከተተ ሁሉም የሚያይበት ሳጥን ጥቆማ አይሰበስብም። በምትኩ በላይኑ ጫፍ ላይ አራት ዓምድ ያለው ሰሌዳ ይስቀሉ፦ የተባለው ነገር፣ ቀን፣ የሚሠራው ሰው፣ የተደረገው። የተናገረችው ሰው ስም አይጻፍም። በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ ይጻፍበት፤ «አይሆንም፣ ምክንያቱም…» የሚልም መልስ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በርካሽ የሚስተካከሉትን ያስቀድሙ፦ የተላጠ ገመድ፣ የሚነቃነቅ ወንበር፣ በካርቶን የተዘጋ መውጫ በር። ሰው ወንበሩ ሲሠራለት ካየ በኋላ ነው ከባዱን ነገር የሚያነሳው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በእኛ አገር በተለይ ያስቸግራል። ጓደኛዋን «ከሳሽ»፣ «አሳባቂ» መባል የምትፈልግ የለችም። ደንቡ ግልጽ ይሁን፦ የምንጠይቀው ስለ ዕቃና ስለ ቦታ እንጂ ስለ ሰው አይደለም። «እገሊት መከላከያ አንስታለች» የሚል ጥቆማ አይቀበሉ። «12 ቁጥር ማሽን መከላከያው አይመለስም» የሚለውን ይቀበሉ። ያመሰገኑ እንደሆነም ብቻዋን ያመስግኑ፤ ብዙዎቹ በሰው ፊት ስማቸው ሲጠራ ይሳቀቃሉ።

ሠራተኛ ተናግሮ ካልተሰማ ምን እንደሚመጣ የልብስ ኢንዱስትሪው በከባድ ዋጋ አይቶታል። በባንግላዴሽ ሳቫር የነበረው ራና ፕላዛ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስንጥቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። በሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ላከ፤ የልብስ ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ታዘዙ። ከዚያ በኋላ የተፈረመው የእሳትና የሕንፃ ደህንነት ስምምነት የሠራተኛ የደህንነት ኮሚቴንና አደገኛ ሥራን እምቢ የማለት መብትን ያካተተው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው አጣዳፊና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራ ቦታው የራቀ ሠራተኛ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። ይህን ለላይንዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፦ «የሚያሰጋ ነገር ካያችሁ አቁሙና ጥሩኝ፤ የቆመው ደቂቃ በታርጌት አይቆጠርባችሁም።» ከዚያ ሲያቆሙ እንዳይቆጥሩባቸው።

ጥያቄ፦ አዳማ ላይ በርና መስኮት የሚሠራ የብረታ ብረት ቤት አለኝ፤ ሰባት ሠራተኞች ነን። የግሪንደሩን መከላከያ አውልቀው ትልቅ ዲስክ ይገጥሙበታል። መነፅር ገዝቼ ሰጠሁ፤ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ዋናው ሠራተኛዬ «ጋሼ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቼበታለሁ» ይለኛል። ኮሚቴ ምናምን ለእኔ የሚሆን አይደለም።

መልስ፦ ኮሚቴው ይቅር፤ ሰባት ሰው ቡና ሲፈላ መነጋገር ይችላል። ግን የሚነጋገሩበት ነገር ይኑር። አንዱን ዲስክና ግሪንደሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አብራችሁ አንብቡ። ትንሹ ግሪንደር የተሠራው ለ115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሲሆን ማሽኑ ላይ የተለጠፈው መግለጫ በደቂቃ 11,000 ገደማ ዙር ይላል። 180 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ላይ ደግሞ 8,500 ተጽፎበታል። ይህ ማለት ዲስኩ ጠርዙ ላይ በሰከንድ 80 ሜትር ፍጥነት እንዲችል ተሠርቷል፤ ትንሹ ማሽን ላይ ሲገጠም ግን በሰከንድ ከ100 ሜትር ያልፋል። መከላከያው የሚወልቀውም ትልቁ ዲስክ አልገባ ስለሚል ነው። ስለዚህ ዲስኩ የሚፈነዳው መከላከያ በሌለበት ማሽን ላይ ነው፤ ሁለቱ ጥፋቶች አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ዋና ሠራተኛዎ አሥራ አምስት ዓመት አልተነካም ይሆናል፤ ፊቱን ከዲስኩ መስመር ገለል አድርጎ የመቆም ልምድ ስላለው ነው። ረዳቱ ግን ፊት ለፊት ነው የሚቆመው።

እሱን በክርክር አያሸንፉትም፣ አያስፈልግምም። ኃላፊነት ይስጡት። ከመሃል ባለው የብረት ቀለበት ላይ የዲስኩ ማብቂያ ቀን ታትሟል፤ ያለፈበትን፣ የረጠበውን፣ ጠርዙ የተቦረቦረውን የሚለየውና የሚጥለው እሱ ይሁን። ማንም ዲስክ የሚወስደው ከእሱ እጅ ይሁን። ትልቅ ዲስክ የሚያስፈልግ ሥራ ካለ ትልቅ ግሪንደር ይግዙ፣ ወይም የመቁረጫ ማሽን ይጠቀሙ። ይህን ወጪ ሳያወጡ «መከላከያ አታውልቁ» ማለት ሥራውን አትሥሩ እንደማለት ነው፤ እነሱም ይህን ያውቃሉ።

መነፅሩ ኪስ የገባው ስለተቧጨረ ወይም በእስትንፋስ ስለሚጨልም ሊሆን ይችላል። አንዱን አውጥተው በእሱ ወደ ብርሃን ይመልከቱ፤ ካልታየዎት እነሱም አይታያቸውም። ለግሪንደር ፊትን በሙሉ የሚሸፍን፣ መስታወቱ ብቻውን የሚቀየር መከላከያ ይሻላል፣ ከሥሩ መነፅር ተደርጎ። መለዋወጫ መስታወት ሳይጠየቁ ያስቀምጡ።

ስለ ብየዳም አንድ ነገር። ማታ ዓይናቸው አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆጠቁጣቸው ረዳቶቹ ናቸው፤ በያጁ ጭምብል አለው፣ ብረቱን የያዘለት ልጅ የለውም። ሁለተኛ ጭምብልና መጋረጃ ያስፈልጋል። በር ላይ ለሚያልፈው ሰውም።

ጥያቄ፦ ድርጅታችን በሩብ ዓመቱ አንድም አደጋ ላልመዘገበ ክፍል የገንዘብ ሽልማት ሊሰጥ ነው። ጥሩ ሐሳብ ይመስላችኋል?

መልስ፦ አይደለም። አደጋውን ሳይሆን መዝገቡን ነው የሚቀንሰው። አንድ ሰው እጁን ተቆርጦ ሠላሳ ባልደረቦቹን ሽልማት ሊያሳጣ ነው፤ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ቆጥረው ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ፦ ፋሻና ፕላስተሩ እያለቀ መዝገቡ ባዶ ከሆነ ሽልማቱ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። መሸለም ከፈለጋችሁ የተገኘና የተስተካከለ ጉድለትን፣ ለጥቂት የተረፈ አደጋን በጊዜ ማሳወቅን ሸልሙ። ከገንዘብ ይልቅ ክፍሉ የጠየቀው ዕቃ ቢገዛለት ይሻላል።

ሠራተኞች የሚደብቁበት ሌላው ምክንያት «ከተናገርኩ እባረራለሁ፣ ደመወዜ ይቆረጣል» ብለው ነው። ሕጉ እንዲህ አይልም። አሠሪው የራሱ ጥፋት ባይኖርም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት 50 በመቶ ያገኛል። ይህንን በትልቁ ጽፋችሁ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ለጥፉት።

ጥያቄ፦ በምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካችን የደህንነት ኮሚቴ አለ፤ አለ ከተባለ። አባላቱን አስተዳደር መረጠ፣ የሚሰበሰበውም ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው። እንዴት ነፍስ ይዘራበታል?

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛው ስለሚያሰጋው አደጋ ተገቢ መመሪያ እንዲሰጠው፣ የደህንነት ሠራተኛ እንዲመድብና ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያዛል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው አደጋ ሊያስከትል የሚችል ነገር ሲያይ እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ስለዚህ ኮሚቴው የአስተዳደር ችሮታ አይደለም፤ በዚህ ተነሱ።

ምርጫው ይቀደም። በስኮትላንድ አቅራቢያ ሰሜን ባሕር ላይ የነበረው የፓይፐር አልፋ ነዳጅ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1988 ተቃጥሎ 167 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ብሪታንያ በማግሥቱ ዓመት ባወጣችው ደንብ የደህንነት ተወካዮችን ሠራተኞች ራሳቸው እንዲመርጡ አደረገች። አስተዳደር የመረጠው ተወካይ ለአስተዳደር ነው የሚያወራው። ከየክፍሉና ከየሺፍቱ ይመረጥ፤ የማታ ሺፍት፣ ጽዳትና ጥበቃ እንዳይረሱ። የምግብ ፋብሪካ ማሽን የሚታጠበው ማታ ነው፣ መከላከያ የሚከፈተውም ማታ ነው። የአስተዳደር ወገን ቁጥር ከሠራተኛው አይብለጥ፤ ከመካከላቸው ግን አንዱ ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ይሁን። ያ ሰው ከሌለ ስብሰባው «ለበላይ እናቀርባለን» በሚል ያልቃል።

በወር አንድ ጊዜ፣ በሥራ ሰዓት። መጀመሪያ 30 ደቂቃ አንድ ክፍል በእግር ይዞራሉ፤ ማሽኑ ላይ ያለችውን ሠራተኛ «ይህ ሲጣበቅ እንዴት ነው የምታስለቅቂው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ የተለየ ነው፤ እጅ የሚቆረጠው ማሽኑ በደህና ሲሠራ ሳይሆን ሲጣበቅ ነው፣ የሚያስለቅቁበትንም መንገድ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ከዚያ 30 ደቂቃ ይቀመጣሉ። ቃለ ጉባኤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ስምና ቀን ይኑረው፣ በማግሥቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ባለፈው ወር ያልተሠራው ከአዲሱ በፊት ይነሳ።

ጥያቄ፦ «ቀኑ ከደረሰ ሄልሜት አያድንም፣ ፈጣሪ ያውቃል» ለሚል ሠራተኛ ምን ይባላል?

መልስ፦ ስለ ፈጣሪ አትከራከሩ፤ ትሸነፋላችሁ፣ መሸነፍም ይገባችኋል። ብዙ ጊዜ ንግግሩ የሃይማኖት አይደለም፤ «ስለዚህ ነገር ምንም ማድረግ አልችልም» ማለቱ ነው። የዛሬ ሥራውን ያንሱ፦ «ከዚህ ሥራ የሚያሰጋህ የትኛው ነው? ልጅህ አብሮህ ቢሠራ ምን እንዲስተካከል ትፈልጋለህ?» አንድ ነገር ይላል። እሱን በዚያው ሳምንት ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ ዱባይ የግንባታ ቡድን ፎርማን ነኝ። ኢትዮጵያውያን፣ ኔፓላውያንና ፓኪስታናውያን አሉን። በበጋው ውሃ ጠጡ ብዬ ብጮህም አይጠጡም፤ አምና ሁለት ሰው ወደቀብኝ።

መልስ፦ በኤምሬትስ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (በፈረንጆቹ) በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት የተከለከለ መሆኑን ያውቃሉ። ችግሩ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ነው። በከባድ ሙቀት በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ሩብ ሊትር ገደማ፣ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ጥማትን መጠበቅ አይሆንም። አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሙሉ ሥራው 20 በመቶውን ብቻ በሙቀቱ ይሥራ፣ በየቀኑ 20 በመቶ ይጨመርለት። የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከአገሩ ገና የመጣው ወይም ከፈቃድ የተመለሰው ነው።

ቋንቋ ለማይጋሩ ሰዎች በቃል ማስረዳት ስለሚያስቸግር የሽንት ቀለም ሥዕል መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይለጥፉ፤ ሁሉም ያነበዋል። ሰዎቹን ሁለት ሁለት ያጣምሩ፤ ጓደኛው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከተንገዳገደ ወዲያው እንዲጠራዎት። እንዲህ የሆነ ሰው ጥላ ሥር ገብቶ በውሃ እየራሰ፣ እየተናፈሰ አምቡላንስ ይጠበቃል፤ «ትንሽ ይረፍ» ተብሎ አይተውም። በረመዳንና በጾም ለሚጾሙት ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ ያዙሩት፤ የሚጾሙትን ማን ማን እንደሆኑ ሳያሸማቅቁ ይጠይቁ።

ለምን አይጠጡም ላሉት ግን በየቋንቋው አንድ አንድ ሰው ለብቻ ጠይቀው ይስሙ። አንዱ ውሃው ሞቋል ይላል፣ ሌላው ብርጭቆው የጋራ ነው ይላል፤ ብዙዎቹ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ደጋግሜ ስሄድ ሰነፍ እባላለሁ ይላሉ። የበረዶ ሳጥኑን ከሥራው ቦታ በሁለት ደቂቃ መንገድ ውስጥ ያስቀምጡ፣ የግል ኮዳ ያድሉ፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ወደ ቡድኑ እንዲጠጋ ለሳይቱ ኃላፊ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሽንት ቤት ስለሄደ ሰውም ከእንግዲህ አንድ ቃል አይናገሩ።